ከብራዚል የመጣችው አክስት፦ አንድ የእንግሊዝ ፋርስ በሰው አገር መድረክ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ትያትር ነው። ስሙ «የቻርሊ አክስት»፣ ደራሲው ብራንደን ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ፣ ዓይነቱ ደግሞ ፋርስ ነው። ፋርስ የምለው ሰው የዋሸው ውሸት መልሶ ራሱን ከበር በር የሚያሯሩጥበትን የኮሜዲ ዓይነት ነው። የትያትር ሰዎች ሲባሉ ፋርስን ትንሽ ይንቁታል። ትራጄዲ ባሕር ሲሻገር ጥናት ይጻፍለታል፤ ጎረምሳ የአሮጊት ቀሚስ ለብሶ ሻይ ባርኔጣ ውስጥ ሲቀዳ ግን ማን ይጽፍለታል? እኔ ደግሞ ባሕር መሻገር ከሆነ ነገሩ፣ ከዚህች «አክስት» ብዙ እንማራለን ባይ ነኝ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ቀልድ አገር አይሻገርም ሲባል እንሰማለን። የአንዱ አገር ቀልድ ለሌላው ጨው የሌለው ወጥ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። ይህ ትያትር ግን የተሻገረው በቀልዱ አይደለም። የተሻገረው ከቀልዱ ሥር በተቀመጠችው አንዲት የኑሮ ሕግ ነው። የዛሬው ክርክሬም ይኸው ነው፦ ሕጓ በሕይወት ባለችበት አገር ትያትሩ ብዙ ሳይነካካ ይሠራል፤ ሕጓ በሞተችበት አገር ደግሞ አዘጋጁ ሌላ ሞተር ይፈልግለታል።

መጀመሪያ ታሪኩን በደንብ ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የቀረው አይገባም።

ቦታው ኦክስፎርድ ነው፣ የተማሪ መኖሪያ ክፍል። ጃክ ቼስኒና ቻርሊ ዋይክሃም የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ኪቲና ኤሚ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶችን ወድደዋል። ጊዜ የለም፤ ልጆቹ ከከተማ ሊወጡ ነው፣ ዛሬውኑ ተጋብዘው መጥተው የልባቸውን ሊነግሯቸው ይገባል። ግን የጨዋ ቤት ልጅ ወደ ወንድ ክፍል፣ ያውም ለምሳ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ሳትኖር አትገባም። ሕጓ ይህች ናት። እንደ ዕድል ሆኖ የቻርሊ አክስት ዶና ሉቺያ ዳልቫዶሬዝ በዚያው ቀን ከብራዚል ትደርሳለች። ባሏ የሞተባት፣ ሚሊዮን የወረሰች፣ ቻርሊ በዓይኑ አይቷት የማያውቅ አክስት ናት። (ውጭ አገር ያለ፣ ገንዘቡ እንጂ መልኩ የማይታወቅ ዘመድ ያለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም።)

ከዚያ ቴሌግራም ይመጣል። አክስቲቱ ዛሬ አትደርስም፤ ልጃገረዶቹ ግን ደጅ ላይ ናቸው።

ሎርድ ፋንኮርት ባበርሊ የሚባል፣ ጓደኞቹ ባብስ የሚሉት ሌላ ተማሪ በአጋጣሚ እዚያው አለ። ለተማሪዎች ትያትር የአሮጊት ሚና ተሰጥቶት ልብሱን ሊለካ ያመጣው ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ የዳንቴል ኮፍያ፣ ዊግ። ሁለቱ ጓደኞቹ እያለቀሰ ያስገቡታል። የቀረው ሁሉ ከዚህች ቅጽበት የሚወለድ ነው። የጃክ አባት ሰር ፍራንሲስ ዕዳ ተቆልሎበታል፤ ሀብታም መበለት መጣች ሲባል ለጋብቻ ይነሳሳል። የኤሚ አጎትና የኪቲ አሳዳጊ ስፔቲግም፣ ስስታም ሽማግሌ ነው፣ የሚሊዮኑ ሽታ ሲደርሰው ባብስን በአትክልት ቦታው ዙሪያ እያሳደደ ያግባባዋል።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጎበዝ ጸሐፊ ይደርሳል። የብራንደን ቶማስ ጥበብ የምለው በሁለተኛው ገቢር የሚመጣው ነው። እውነተኛዋ አክስት ትደርሳለች። ስትመጣ ስሟን ሌላ ሰው ይዞት ታገኘዋለች። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ጩኸት፣ ግርግር፣ መጋረጃ። ዶና ሉቺያ ግን ዝም ትላለች። ሌላ ስም ለራሷ ታወጣና ቁጭ ብላ ሐሰተኛዋን ዶና ሉቺያ ስለ ብራዚል ትጠይቃታለች፤ ስለ ሟች ባሏም ትጠይቃታለች። ባብስ ላብ ያጠምቀዋል፤ ተመልካቹ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዚህች ሴት ጋር ምስጢር የተካፈለ ብቸኛ ሰው ይሆናል። አብሯት የመጣችው ወጣት ኤላ ደግሞ ባብስ ድሮ ያያትና ልቡን የጣለባት ልጅ ናት። ቀሚስ ለብሶ ተቀምጦ፣ ስለ ራሱ ደግነት ከምትወደው ልጅ አፍ ይሰማል፤ እኔ ነኝ ማለት ግን አይችልም። እዚህ ላይ የሚስቁም የሚያዝኑም ተመልካቾች አሉ። ፋርስ ልብ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል ደግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

መፍቻውም ንጹሕ ነው። ስፔቲግ «አክስቲቱን» አገባለሁ ብሎ ተስፋ ስላደረገ ለልጆቹ ጋብቻ መፍቀዱን በደብዳቤ ጽፎ ይሰጣል። ባብስ ወንድ መሆኑ ሲጋለጥ ሽማግሌው ደብዳቤዬን መልሱ ይላል። እውነተኛዋ አክስት ትነሳና ደብዳቤው የተጻፈው ለዶና ሉቺያ ነው፣ ዶና ሉቺያ እጅም ገብቷል ትላለች። አለቀ።

አሁን ወደ ታሪኩ ጉዞ። ትያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ29 ፌብሩዋሪ 1892 በሰፎክ አውራጃ በምትገኘው በሪ ሴንት ኤድመንድስ በምትባል ከተማ፣ ቲያትር ሮያል ውስጥ ነው። በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣ ቀን የተወለደ ትያትር ነው ማለት ነው፤ ልደቱን ለማክበር ያስቸግራል። ቲያትር ቤቱ የ1819 ሕንፃ ነው፣ ዛሬም ቆሟል። ባብስን የተጫወተው ደብልዩ ኤስ ፔንሊ ሲሆን ብራንደን ቶማስ የጻፈውም ለእሱ ነው። በዚያው ዓመት በ21 ዲሴምበር ለንደን ሮያልቲ ቲያትር ገባ፤ ሰው ስለበዛ በ1893 መጀመሪያ ወደ ሰፊው ግሎብ ቲያትር ተዛወረ፤ እስከ 19 ዲሴምበር 1896 ድረስ 1,466 ጊዜ ታየ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 1,362 ነበር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች በፋርስ ረገድ ላኪዎች ሳይሆኑ ተቀባዮች ነበሩ። ዋናው ምንጭ ፓሪስ ነበር፤ ከበርሊንም ይመጣ ነበር። ፔንሊ ራሱ ስም ያወጣበት ጨዋታ ቻርልስ ሃውትሪ ከጀርመናዊው ጉስታቭ ፎን ሞዘር ሥራ ወስዶ ለለንደን ያመቻቸው ነው። ስለዚህ «የቻርሊ አክስት» በ1894 ወደ ጀርመንና ወደ ፈረንሳይ ስትሻገር እንደ ገበያ ካየነው ዕቃው በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዱ ነው።

መጀመሪያ ግን አትላንቲክን ተሻገረች። በ2 ኦክቶበር 1893 ኒው ዮርክ ስታንዳርድ ቲያትር ተከፈተ፤ ያመጣው ታላቁ ፕሮዲዩሰር ቻርልስ ፍሮማን፣ ቀሚሱን የለበሰው ኤቲየን ጊራርዶ ነበር። በኦገስት 1894 ዋይማር ላይ በጀርመንኛ፣ በቀጣዩ ወር ፓሪስ ክሉኒ ቲያትር በፈረንሳይኛ ታየች። ፓሪሶች አክስቲቱን የክርስትና እናት አደረጓት። ይህ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ እኔ ግን ብልህ ነገር ነው እላለሁ። የክርስትና እናት የሥጋ ዘመድ ሳትሆን ሥልጣን ያላት ሴት ናት፤ ልጁ ባያውቃት የሚገርም የለም፤ ልጃገረዶቹንም በክብር ልትጠብቅ ትችላለች። ሕጓ አልተነካችም፣ ሕጓን የምታስከብረው ሴት ብቻ ተቀየረች። ከጀርመን ደግሞ ጨዋታው ወደ ሩሲያ፣ ሆላንድ፣ ዴንማርክና ኖርዌይ አለፈ። በአንድ ወቅት በ22 ቋንቋ በ48 ቲያትር ቤት በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር ይባላል፤ ከቋንቋዎቹ መካከል ዙሉና ኤስፔራንቶም ይጠቀሳሉ።

ጀርመን ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀርመኖች ስሟንም እንግሊዝነቷንም አልገፈፏትም፤ እዚያም «የቻርሊ አክስት» እንደተባለች ቀረች። እንግዳነቷ ራሱ የጨዋታው አካል ሆነ። በ1920ዎቹ ይህን ሚና ዝነኛ ካደረጉት አንዱ ኩርት ቦይስ ነበር፤ ደቃቃ፣ ቀልጣፋ፣ እንደ ድመት የሚዘል ኮሜዲያን። አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጣ። «ካዛብላንካ» የተባለውን ፊልም ያያችሁ፣ ሰዎችን ከሌባ ተጠንቀቁ እያለ ኪሳቸውን የሚያወልቀውን ሰውዬ ካስታወሳችሁ፣ እሱ ነው። እሱ በተሰደደ ማግስት፣ በ1934፣ በርሊን ውስጥ «የቻርሊ አክስት» በሌላ ተዋናይ በፊልም ተሠራ። አክስቲቱ ቀረች፤ ቀሚሱን ያሳመረው ሰው ግን በኋላ ሆሊውድ ውስጥ ኪስ አውላቂ ሆኖ ተወነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1956 ሃይንትስ ሩህማን፣ በ1963 ኦስትሪያዊው ፔተር አሌክሳንደር ቀሚሱን በየተራ ለበሱት። እዚያ አገር ጥያቄው «ልጆቹ እንዴት ይጋቡ ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ዘንድሮ ቀሚሱን ማን ለበሰው?» ሆነ። ሕጓ ስትሞት ትያትሩ የተዋናይ መፈተኛ ሆነ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1940 ኒው ዮርክ ላይ ሆሴ ፌረር ባብስን ሲጫወት፣ አዘጋጁ ጆሽዋ ሎገን ነበር፣ የአሜሪካ ሴት ልጆች ከወንዶች ጋር አንድ ክፍል መማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ትልቅ ሴት ከሌለች አንገባም የሚለው ነገር የአያቶች ወግ ነው። ተመልካቹ የሳቀው ለድሮ ዘመን ነው። ሆኖም ዝም ብሎ በናፍቆት መሳቅ ብዙ አያስኬድም፤ ስለዚህ በ1948 ጆርጅ አቦትና ፍራንክ ሎሰር ወደ ሙዚቃዊ ትያትር ሲቀይሩት አንድ የጀግና ሥራ ሠሩ። ባብስን አወጡት። ቀሚሱን ራሱ ቻርሊ ለበሰ።

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። በዋናው ድርሰት ቻርሊ ደካማ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ርዕሱ ላይ ስሙ አለ እንጂ ሸክሙን የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። አሁን ግን አፍቃሪውና አክስቲቱ አንድ ሰው ሆኑ፤ አክስቲቱ ካለች ቻርሊ የለም፣ ቻርሊ ከመጣ አክስቲቱ ጠፍታለች። የሙዚቃዊ ትያትሩ ርዕስም «ቻርሊ የት አለ?» ሆነ። አዲስ ሞተር ተገጠመለት። የሞተችው ሕግ ከዚህ በኋላ መነሻ ብቻ ናት፤ ሳቁን የሚጎትተው የአንድ ሰው ሁለት ቦታ መፈለግ ነው። ሚናው የሬይ ቦልጀር ነበር፣ «የኦዝ ጠንቋይ» ላይ የገለባውን ሰው የተጫወተው። ዳንሱን ያዘጋጀው ጆርጅ ባላንቺን ነው። 792 ጊዜ ታየ፤ ቦልጀርም የቶኒ ሽልማት ወሰደ። በዚያ ላይ አንድ ወሬ አለ፤ ቦልጀር ዋናውን የፍቅር ዘፈን እየዘፈነ ግጥሙ ጠፋበት፣ ከታች አንድ ትንሽ ልጅ አብሮ ዘፈነለት፣ ከዚያ ወዲህ ተመልካቹን ሁሉ ማዘፈን ልማዱ ሆነ ይባላል። ልጁ የፕሮዲዩሰሩ ልጅ ነበር ነው የሚሉት። እንግሊዞች ይህን የተለወጠ ልጃቸውን በ1958 በኖርማን ዊዝደም ለንደን ላይ አዩት።

ወደ ምሥራቅ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሙምባይ ላይ ፕራልሃድ ኬሻቭ አትሬ፣ በሕንዶች ዘንድ አቻርያ አትሬ የሚባለው ደራሲና ጋዜጠኛ፣ ጨዋታውን በማራቲ ቋንቋ «የሞሩ አክስት» ብሎ ጻፈው። ኦክስፎርድ ጠፋ፤ ቤቱ የማራቲ ቤት፣ አክስቲቱም ሳሪ የለበሰች አክስት ሆነች። ሕጓ ግን አልጠፋችም። በዚያ ማኅበረሰብ ወጣት ወንድና ወጣት ሴት ትልቅ ሰው በሌለበት ቁጭ ብለው ማውራታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ አትሬ ለተመልካቹ ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። በ1980ዎቹ ቪጃይ ቻቫን ሳሪውን ለብሶ እየጨፈረ ሲጫወተው ስሙ ከሚናው ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ተወደደ።

የማራቲው ጉዳይ ሌላ ጥያቄም ያነሳል። የማራቲ ትያትር ለረጅም ዘመን የሴት ሚና በወንድ የሚጫወትበት ነበር። ባል ጋንዳርቫ የሚባለው ታላቅ ዘፋኝ ተዋናይ፣ ከ1888 እስከ 1967 የኖረ፣ ሴት ሆኖ ሲወጣ የሙምባይ ሴቶች የአለባበሱን ፋሽን ይከተሉ ነበር። በእኛም አገር ዘመናዊ ትያትር ሲጀማመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በእንደዚህ ዓይነት መድረክ ወንዱ ቀሚስ የሚለብሰው ተመልካቹ ወንድነቱን እንዲረሳው ነው። ባብስ ግን ተቃራኒው ነው። እሱ ሴትን መምሰል የለበትም። ሲጋራ ያጨሳል፣ ኪሱን ለመፈለግ ቀሚሱን ገልቦ ሱሪውን ያሳያል፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍቶ ይቀመጣል። መድረክ ላይ ያሉት ሰዎች የማያዩትን እኛ ማየት አለብን። እኔ ብዙ ደካማ የዚህ ትያትር አቀራረቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ተዋናዩ ጎበዝ ሴት ለመሆን ሲታገል ጨዋታው ይሞታል። ለምሳሌ የሻይ ቅጂው ክፍል ላይ ባብስ ሻዩን የሚቀዳው ስፔቲግ ባርኔጣ ውስጥ ነው፤ የሚያስቀው የደነገጠ ጎረምሳ እጅ መሆኑ ነው። ቅልጥፍጥፍ ያለች እመቤት እጅ ቢሆን ባርኔጣው ረጠበ ከማለት ሌላ ምን አለው?

ካይሮም እንደ ሙምባይ ናት። በ1960 ኤል-ሰይድ በዲር ያዘጋጀው «ሱከር ሃኒም» የተባለው የግብፅ ፊልም ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ ነው፤ ቀሚሱን የለበሰው አብደል ሞኒም ኢብራሂም፣ አብረውት ሳሚያ ጋማልና ካማል ኤል-ሸናዊ አሉ። መድረክ አይደለም፣ ግን ከጉዞው አልነጥለውም፤ ምክንያቱም በ1960 ካይሮ ውስጥ ለሁለት ጎረምሶች ሁለት ጎረቤት ልጃገረዶችን ቤታቸው መጋበዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። አክስቲቱ የግድ ነበረች። የ1892ቱ ኦክስፎርድ በ1960 ከለንደን ይልቅ ለካይሮ ይቀርብ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ ሞስኮ። በ1975 መገባደጃ ቪክቶር ቲቶቭ ለሶቪየት ቴሌቪዥን «ጤና ይስጥልኝ፣ አክስታችሁ ነኝ!» ብሎ ሠራው። ቀሚሱን የለበሰው የሞስኮ መድረክ ተዋናይ አሌክሳንደር ካሊያጊን ሲሆን፣ አርመን ጂጋርካኒያን፣ ሚካሂል ኮዛኮቭና ቫለንቲን ጋፍት አብረውት ተጫወቱ። ሶቪየት ውስጥ ሕጓ ከሞተች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗታል። ቲቶቭ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሁሉን ነገር በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ወግ አለበሰው፤ ሩጫው፣ ኬኩ፣ አሳዳጁ ፖሊስ፣ ዓይኑን የሚያጉረጠርጠው ሽማግሌ። ሁለተኛና ዋናው፣ ባብስን ሎርድነቱን ነጠቀው። የካሊያጊን ባብስ ሥራ አጥ ነው፤ ፖሊስ ሲያሳድደው የሀብታሞች ቤት ውስጥ የወደቀ ምስኪን ነው። ቀሚሱን የሚለብሰው ጓደኞቹ ስለለመኑት ሳይሆን ካልለበሰ አሳልፈው ስለሚሰጡት ነው።

እዚህ ላይ የለንደኑን ባብስ አስታውሱ። እሱ ቢጋለጥ የሚያጣው ክብሩን ነው፤ ሎርድ ነው፣ ነገ ደግሞ ሎርድ ነው። የሞስኮው ባብስ ቢጋለጥ ወደ ጎዳና ነው የሚመለሰው። ስለዚህ «እኔ የቻርሊ አክስት ነኝ፣ ከብራዚል» ሲል የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው። የእንግሊዙ ድርሰት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ስለ ብራዚል ለውዝ ያነሳል፤ የሩሲያው ደግሞ በጫካዋ ብዙ፣ ብዙ የዱር ዝንጀሮዎች ያሉባት አገር ይላታል። ሩሲያዎች ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅሷታል። ካሊያጊን ደግሞ በቀሚሱ ቁጭ ብሎ የስኮትላንዳዊውን የሮበርት በርንስን ስለ ፍቅርና ድህነት የተጻፈ ግጥም በሩሲያኛ ትርጉሙ ይዘፍናል። ሰር ፍራንሲስን የተካው ኮሎኔል ደግሞ እንደ ሰር ፍራንሲስ ሁሉ ገንዘቡን ፈልጎ ያግባባዋል። ብራንደን ቶማስ የጻፈው ሳቅ ውስጥ ስለ ገንዘብ የነበረው መራራ ነገር፣ ለንደን ላይ ከዳንቴሉ ሥር ተሸፍኖ የቆየው፣ ሞስኮ ላይ ወደ ፊት ወጣ። እኔ ከሁሉም ይህንን እወዳለሁ፤ ለድርሰቱ ከሁሉ ይልቅ ያልታመነው እሱ ቢሆንም።

ለንደን ራሷስ? በ2012 ሜኒየር ቾኮሌት ፋክተሪ የምትባል ትንሽ ቲያትር ቤት በማቲው ሆርን ባብስነት እንደገና አሳይታዋለች። ድርሰቱ የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚሱን እንደለበሰ ነው። የ1925ቱን የሲድኒ ቻፕሊን ፊልምና የ1941ዱን የጃክ ቤኒን ሆን ብዬ ዘልያቸዋለሁ፤ በጥያቄ ሰዓት የሚፈልግ ካለ እናወራባቸዋለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።